በሁለት ሸንጎ መቀመጥ አይቻልም

 

ዛሬ የምናገረው ብዙ ስለማይወራለት ሥራ ነው። በአፍላ ዕድሜ የሚመጣ እርግዝናን ለመከላከል የቆሙ ማኅበራትን ያለ ደመወዝ ስለሚመሩ የቦርድ አባላት እናገራለሁ። ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ መድኃኒቱ ሁላችንም እንሰማለን። ነርሷን ማን እንደቀጠራት፣ ክሊኒኩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ማን እንደወሰነ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚቆጣጠር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡ፣ በነጆ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ቀን በራሱ ሥራ ላይ ውሎ ማታ ወይም ቅዳሜ ለስብሰባ የሚመጣ ነው። መምህር ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ዳኛ ነው፣ ቄስ ወይም ሼህ ወይም መጋቢ ነው፣ የእድር ሰብሳቢ ነው።

ሐሳቤን ሳላድበሰብስ ከመነሻው ላስቀምጠው። የበጎ ፈቃድ ቦርድ ብርታቱም ድክመቱም ከአንድ ምንጭ ይመነጫል፤ አባላቱ የከተማው ሰዎች ናቸው። የከተማው ሰው በመሆኑ ማንም ባለሙያ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። የከተማው ሰው በመሆኑ ደግሞ የልጅቷን በደል ለማዳፈን በሚቀመጠው ሽምግልና ላይም ይጠራል። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ይህ ሰው በየትኛው ሸንጎ ይቀመጣል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን ስፋት እንይ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆነ ኢትዮጵያውያት መካከል 13 በመቶዎቹ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። በኦሮሚያ ቁጥሩ 17 በመቶ ነው። በአማራ ክልል 8፣ በአዲስ አበባ 3 በመቶ ነው። በገጠር 15፣ በከተማ 5 በመቶ ነው። ምንም ትምህርት ካላገኙት ልጃገረዶች 28 በመቶዎቹ በዚህ ዕድሜ እናት ሆነዋል ወይም ሊሆኑ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ከገቡት ደግሞ 12 በመቶዎቹ። ከዚህ ሁሉ አኃዝ አንዱን ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን የመጨረሻውን ያዙ።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት፣ ካገቡ ሴቶች መካከል ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ወደ 35 በመቶ ደረሱ። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ ያመጡት ታላቅ ለውጥ ነው። በዚያው ጊዜ ውስጥ የአፍላዎቹ እርግዝና ግን ከ16 በመቶ ወደ 13 በመቶ ብቻ ነው የወረደው። ለምን? ትዳር ይዛ፣ ልጆች ወልዳ ማረፍ የፈለገች እናት መድኃኒቱ ቤቷ ድረስ ሲመጣላት ችግሯ ይቃለላል። የ16 ዓመት ልጅን ችግር ግን መድኃኒት ብቻውን አይፈታውም። ከመድኃኒቱ በፊት በመካከል የቆሙ ሰዎች አሉ። ወይ ሳትጠየቅ ይድሯታል፣ ወይ ያስገድዷታል፣ ወይ ያታልሏታል፣ ወይ አይተው እንዳላየ ያልፏታል።

መዘዙንም እናውቃለን። ሰውነቷ ገና ያልጠና ልጅ ምጥ ሲጸናባት ሕፃኑ መውጫ ያጣል። ሆስፒታሉ ሩቅ ከሆነ፣ መንገዱም ከተዘጋ፣ ወይ ሕይወቷ ያልፋል ወይ ፊስቱላ ይዟት ይቀራል። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ሌላ በመቱ ማዕከል የከፈተው በምዕራቡ አገር ይህ ቁስል ስላለ ነው። ከሞትና ከፊስቱላ የተረፈችውም ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቷን ታቋርጣለች።

እስቲ አንዲትን ልጅ በቅርብ እንያት። ስም አልሰጣትም፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከገጠር ቀበሌ የመጣች ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከቤቷ ስለሚርቅ ነቀምቴ ገብታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች። እሑድ ማታ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች፤ የበቆሎ ዱቄት፣ ጥቂት ሽሮ፣ በፌስታል የተቋጠረ በርበሬ፣ ወቅቱ ከሆነ ደግሞ አንጮቴ። ስንቁ እስከ ሐሙስ ያደርሳታል። ዓርብ የምትበላው የለም። የክፍሉ በር መቀርቀሪያው የላላ ነው፤ ማታ ማታ የእንጨት ሳጥን ይደገፍበታል። ኪራይ አንድ ሳምንት ሲያልፍ ፊቱን የሚያዞር አከራይ አለ። ከገበያ በነፃ ላድርስሽ የሚል ባለ ባጃጅ አለ። ደብተርና ቻርጀር ልግዛልሽ የሚል ባለ ሱቅ አለ። ውጤትሽን አይቼ ላስተካክልልሽ የሚል አስተማሪም ከመካከላችን አይጠፋም።

አንድ ወር የወር አበባዋ ይቀራል። ለማን ትንገር? እናቷ ሩቅ ናት። ጓደኞቿ እንደሷው ልጆች ናቸው። ክሊኒክ ብትሄድ ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ የምታገኛት የእናቷን የማኅበር ጓደኛ ነው። ከበሩ ትመለሳለች። ሦስት ወር ያልፋል፣ አምስት ወር ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ሆዷ ራሱ ይናገራል።

አሁን በዚህች ልጅ ዙሪያ የቆሙትን አዋቂዎች ቁጠሩልኝ። አከራዩ የእድራችን አባል ነው። ባለ ባጃጁ በማኅበር የተደራጀ ነው። ባለ ሱቁ ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፣ ወይም አብሮን ጉባኤ ይካፈላል፣ ወይም ጁምዓ ላይ ከጎናችን ይሰግዳል። አስተማሪው የሥራ ባልደረባችን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም። ሥልጠና ሰጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። የቦርዱ አባል ግን ያውቃቸዋል። የእድር ሰብሳቢው ቦርድ ውስጥ ካለ፣ ለተማሪ ልጃገረድ ቤት የሚያከራይ ሁሉ ለበሩ ቁልፍ እንዲያደርግ፣ ኪራይ የዘገየባት ልጅ ጉዳይም ለእድሩ የሴቶች ተወካይ እንዲቀርብ ማስወሰን ይችላል። የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቦርድ ውስጥ ካለ፣ ተማሪን በማባበል የተያዘ አባል ከስምሪት እንዲታገድ ደንብ ማስወጣት ይችላል። ርእሰ መምህሯ ካለች፣ በመስከረም የተመዘገቡት ሴት ልጆች በየካቲት ስንቶቹ እንደተመለሱ ከመዝገብ አውጥታ ታቀርባለች። እነዚህን ለማድረግ የውጭ አገር ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የከተማው ሰው ድፍረት ነው።

በጎ ፈቃድ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በልጅነቷ ለባርነት የተሸጠችው አስቴር ጋኖ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በ1899 እ.ኤ.አ. ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደከመች። ከዚያም ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ አስተማረች። ይህች ከተማ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የተማረችው ሰዎች ነጥቀው ከሸጧት ሴት ልጅ ነው። ለአንዲት ልጅ መጽሐፍ መስጠት ምን ፍሬ እንደሚያፈራ ነቀምቴ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ዛሬ ወደያዝነው ጉዳይ ስንመጣ ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበርን ማንሳት ግድ ነው። ማኅበሩ በ1966 እ.ኤ.አ. በበጎ ፈቃደኞች ሲቋቋም፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። ሥራው የተጀመረው በአዲስ አበባ፣ አንዲት ነርስ በምታገለግልበት ትንሽ ክሊኒክ ነው። መሥራቾቹ ከሕጉ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሐሜት ጋርም ታግለዋል። በ1971 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የታቀደ ወላጅነት ፌዴሬሽን አባል ሆኑ። ዛሬ ማኅበሩ በብዙ ከተሞች ክሊኒኮችና የወጣት ማዕከላት አሉት፤ የምዕራቡ አካባቢ ጽሕፈት ቤቱም እዚሁ ነቀምቴ ነው። ልብ እንድትሉት የምፈልገው አሠራሩን ነው። የበላይ አካሉ የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ከጉባኤው የሚመረጠው ቦርድ ያለ ደመወዝ ይመራል። ሐኪሙና ነርሷ ተቀጣሪዎች ሲሆኑ የሚቀጥራቸውና የሚጠይቃቸው በጎ ፈቃደኛው ነው።

በየከተማው የሚቋቋሙ ትናንሽ ድርጅቶችም በዚሁ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከሚሰጣቸው መንገዶች ሁለቱ ለዚህ ይመቻሉ፤ ወይ ጠቅላላ ጉባኤ ያለው ማኅበር መሆን፣ ወይ በቦርድ የሚመራ ድርጅት መሆን። በቦርድ የሚመራ ድርጅት ከ5 እስከ 13 አባላት ያሉት ቦርድ ይኖረዋል። ሕጉ ወንበሩን ሰጥቶናል፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ምን እንደምንሠራ የምንወስነው እኛ ነን።

ታዲያ ቦርድ ምን ይሠራል? ኪኒን አያድልም፣ መርፌ አይወጋም፣ ልጅቷን ጠርቶም አይመክርም። ትንሽ የሚመስሉ ትልልቅ ውሳኔዎችን ግን ያሳልፋል። ክሊኒኩ በ11 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ የምትማረው ልጅ መቼ ትምጣ? ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይከፈት ብሎ የሚወስነው ቦርዱ ነው። በሩ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው የሚያይ ከሆነ በጓሮ በኩል ሌላ በር ይከፈት የሚለው ቦርዱ ነው። መዝገቡ ማን እጅ ይቀመጥ፣ ስም ይጻፍ ወይስ ቁጥር፣ ምሥጢር ያወጣ ሠራተኛ ምን ይደረግ፣ እነዚህ ሁሉ የቦርዱ ጉዳዮች ናቸው። የቦርድ አባል ራሱም «እገሌን ክሊኒክ አየኋት» ብሎ ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ ከተናገረ ያን ቀን ክሊኒኩን ዘጋው ማለት ነው። አንድ ወሬ ከወጣ በኋላ አሥር ልጆች አይመጡም።

ሪፖርቱም እንደዚሁ። በየሩብ ዓመቱ ሥራ አስኪያጁ «ለዚህን ያህል ወጣቶች ግንዛቤ ተሰጥቷል» የሚል ሪፖርት ያቀርባል፤ እኛም አጨብጭበን እናጸድቃለን። ግንዛቤ የተሰጣቸውን መቁጠር ቀላል ነው። የቦርድ አባል ሊጠይቅ የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ በዚህ ሩብ ዓመት በከተማችን ስንት ልጃገረዶች ከክፍል ጠፉ? ስንቶቹን ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅን? ያረገዘች ካለች ያስረገዛት ማን ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሪፖርቶቻችን ሁሉ ጠፍቷል። በወረቀቱ ላይ የልጅቷ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ቀበሌ ይጻፋል፤ ስለ ሰውየው ግን አንዲት መስመር አይጻፍም። ልጅቷ ብቻዋን ያረገዘች ይመስል የምክሩም የቁጣውም ዒላማ እሷ ትሆናለች። ወንዶቹን የማያነሳ ቦርድ የሥራውን ግማሽ ትቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሽምግልና የኩራታችን ምንጭ ነው። ደም ያደርቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ድንበር ያካልላል። ፍርድ ቤት በዓመት የማይጨርሰውን በአንድ ቀን ይጨርሳል። ነገር ግን አንዲት ልጅ ስትደፈር ወይም ስትጠለፍ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ነገሩ ገመና ነው፣ በቤት ይለቅ፣ ካሳ ይክፈል፣ ወይም ያግባት» ሲሉ፣ ያ ሽምግልና የታረቁትን ሁለት አባቶች ብቻ ነው የሚያየው። ልጅቷ በሸንጎው የለችም። ከደፈራት ሰው ጋር ዕድሜዋን ሙሉ እንድትኖር የተፈረደባት እሷ ሳለች፣ ቃሏን የጠየቃት የለም። በዚህ መንገድ የሚገኝ እርግዝና ሪፖርታችን ላይ «ያገባች» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከችግሩ ዝርዝርም ይወጣል።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያን ቀዳዳ ደፍኖታል። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ከ3 እስከ 15 ዓመት ይቀጣል። የጋብቻ ዕድሜ በፌዴራሉም በኦሮሚያም የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ነው። ከዚያ በታች ያለችን ልጅ ያገባ በወንጀል ይጠየቃል። ይህን ሕግ የማያውቅ የቦርድ አባል መጀመሪያ ይማረው።

ሕግና ሽምግልና ሲጋጩ ምን እንደሚሆን አገራችን አይታለች። በአርሲ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረችም። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለችው። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ጓደኞቿ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቁሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን የተከላከለች ናት ብሎ በነፃ አሰናበታት። የቀዬው ሽማግሌዎች ግን ከአካባቢው እንድትርቅ ወሰኑባት። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው በዚህች ልጅ ታሪክ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ነፃ ያላትን ልጅ የገዛ መንደሯ ቀጣት። ሕግ ባለሙያዎቹ ባይደርሱላት ኖሮ ደግሞ የሚናገርላት ባልተገኘም ነበር።

እንግዲህ እናንተን የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ማክሰኞ የልጆችን መብት እናስጠብቃለን ብሎ በቦርድ ወንበር የተቀመጠ ሰው፣ ቅዳሜ በዋርካው ሥር ያችኑ ልጅ «ለክብሯ ሲባል» ለደፈራት ሰው በሚድር ሽምግልና ላይ ሊቀመጥ አይችልም። አንዱን መምረጥ አለበት። ይህን የምለው ሽማግሌዎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ኃይላቸውን ስለማውቅ ነው። አንድ አባ ገዳ በሸንጎ መካከል ተነሥቶ «ይህ ነገር የሚሸመገል አይደለም፣ ፖሊስና ሐኪም ይመልከተው» ቢል፣ የእሱ አንድ ቃል ከመቶ ሥልጠና ይበልጣል። ሀደ ሲንቄዎችም ያገባች ሴት የመብት ምልክት የሆነችውን በትር፣ ሲንቄያችሁን፣ ይዛችሁ ከተበደለች ሴት ጎን ስትቆሙ መንገድ የሚዘጋባችሁ የለም። ያ ሥልጣን ካገባችው ሴት ባሻገር ለልጅቷም ይዘርጋ።

ስለ ሃይማኖት አባቶችም አንድ ነገር ልበል። በወለጋ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሌሉበት ቦርድ ሥር የለውም። ልዩነት እንዳለም አውቃለሁ። ነርሷ ስለ ወሊድ መከላከያ መናገር ትፈልጋለች፤ መጋቢው ወይም ቄሱ ወይም ሼሁ ከጋብቻ በፊት መታቀብን ያስተምራል። በዚህ ላይ ሲከራከሩ ወራት ያለቀባቸው ቦርዶች አሉ። መፍትሔው አንዱ ሌላውን ዝም ማሰኘት አይደለም። ሁለቱም ሳያወላውሉ የሚስማሙበትን መጀመሪያ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው፦ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ አንባርክም፣ ኒካሕ አናስርም፤ አስገድዶ የደፈረን አንሸሽግም፤ ያረገዘች ልጅን ከጉባኤ አናባርርም። ከዚያ በኋላ ነርሷ ሙያዋ የሚያዘውን በክሊኒኳ ትሥራ፤ የሃይማኖት አባትም እምነቱ የሚያዘውን በመድረኩ ያስተምር። አንዱ የሌላውን በር አይዝጋ።

ወደ ገንዘብ ልለፍ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህን የሚቆጣጠረው መጀመሪያ ቦርዱ ነው። ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ይህን ለመጠየቅ ንጹሕ አፍ አለው። ያ አፍ ግን በውሎ አበል ሊዘጋ ይችላል። ስብሰባ ሁሉ አበል ከተከፈለበት፣ ለአንድ ቀን ሥራ የሦስት ቀን ከታሰበ፣ የሥራ አስኪያጁ ዘመድ ያለ ውድድር ከተቀጠረ፣ ቦርዱ ነገ ምን ብሎ ይጠይቃል? የመጓጓዣ ወጪን መሸፈን ነውር አይደለም። ከዚያ ያለፈው ግን ለልጅቷ የመጣ ገንዘብ ነው። የዓመቱን ሒሳብ በግልጽ ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፋችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፉት፤ የከተማው ሰው ሁሉ ያንብበው።

የውጭ ገንዘብም ዘላለማዊ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ሲያቆም ስንት ፕሮጀክት በአንድ ቀን እንደቆመ ሁላችንም አይተናል። ፕሮጀክት ሲያልቅ ጥገናና ተሽከርካሪ ይቆማል፤ ቦርዱ ግን ከተማው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ የራሱን ጎተራ ያዘጋጅ። እድሮች ከወርኃዊ መዋጮ ጥቂት ሳንቲም ይመድቡ። የቡና ነጋዴው ቡና በሚለቀምበት ሰሞን የአንዲት ተማሪን የቤት ኪራይ ይሸፍን። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አለ፤ የጤናና የሕግ ተማሪዎቹ በሳምንት አንድ ከሰዓት ቢሰጡ ለብዙ ልጆች ይደርሳል።

ወጣቶቹንም አልረሳሁም። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2019 እ.ኤ.አ. አመራሩን ሲያሻሽል፣ በቦርዱ ቢያንስ ግማሹ ሴቶች፣ ከአምስት አንዱ ወጣት እንዲሆን ወስኗል። እኛም ወጣት እንዲቀመጥ እንፈቅዳለን፤ ስብሰባውን ግን በትምህርት ሰዓት እንጠራለን። ሰነዱን ለሽማግሌዎቹ ቀድመን እናድላለን፣ ለልጅቷ ግን አዳራሽ ስትገባ እንሰጣታለን። ከዚያ «ወጣቶቹ አይናገሩም» እንላለን። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። ሰነዱ ከሳምንት በፊት ይድረሳት። ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እሷ ትናገር፤ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ከተናገሩ በኋላ ልጅ አፍ አትከፍትምና።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ በአማራ ክልል፣ በባሕር ዳር አቅራቢያ በሞሰቦ፣ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ተሠርቶ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ይማራሉ፣ ለትምህርት መሣሪያ ድጋፍ ያገኛሉ፣ ልጁን ሳይድር ያቆየ ቤተሰብ በማብቂያው የቤት እንስሳ ይሸለማል፣ መንደሩም በየጊዜው ተሰብስቦ ይወያያል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድል ሥራው ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ሆነ። ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን ውጤቱ እንደዚያ አልነበረም፤ ይልቁንም የማግባት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታየ። ከዚህ የምንማረው፣ ልጅቷን እስከ 14 ዓመቷ ጠብቆ ከዚያ መልቀቅ ሥራውን መሐል ላይ መተው መሆኑን ነው። አንድ ፕሮጀክት ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፤ አንዲት ልጅ ከ10 ዓመቷ እስከ 19 ዓመቷ ግን ዘጠኝ ዓመት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከእሷ ጋር ሊቆይ የሚችለው የከተማው ሰው ብቻ ነው።

ያሳለፍናቸው ዓመታትም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ዞኖች የቆየው ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፣ ጤና ጣቢያዎችን ጎድቷል፣ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አፈናቅሏል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ልጃገረዷ ናት። ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ ትዳር ትያዝ ይባላል፤ አባት ልጁን መጠበቅ ሲያቅተው ባል ይጠብቃት ብሎ ይሰጣታል። ይህን አባት መውቀስ ቀላል ነው። ቦርዱ ግን ወቀሳውን ትቶ አማራጭ ይስጠው፦ ተማሪዋን በከተማ የምታስጠጋ ታማኝ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት የምትማርበት ክፍል፣ የወለደች እንደሆነም ልጇን የምታቆይላት አክስትና ወደ ክፍል የምትመለስበት በር። የወለደች ተማሪ ትምህርቷን ስትቀጥል ማየት ለታናናሾቿ ሁሉ ትምህርት ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን የሚመሩ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ከልጆቻቸው ሰዓት ቀንሰው፣ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሐሜት ተሸክመው ያገለግላሉ። ምስጋናው ግን ሥራውን አይተካውም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ስብሰባ አጀንዳ መጀመሪያ ላይ እንዲቀመጡ እለምናችኋለሁ። ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ከትምህርት ቤት የጠፋች ልጅ አለች ወይ? አንዲት ልጅ ሳትታይና ሳትፈራ ወደ ክሊኒካችን መግባት ትችላለች ወይ? በልጅ ላይ የተፈጸመ በደል በሽምግልና ሲዳፈን የሰማ አለ ወይ? ለእነዚህ ሦስቱ መልስ ሳይገኝ ሌላ አጀንዳ አይከፈት።

ከዚያም በሚቀጥለው ቃለ ጉባኤያችሁ ላይ አንድ ውሳኔ አስፍሩና እያንዳንዳችሁ ፈርሙበት፦ «የዚህ ቦርድ አባል፣ በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት በሚሸመገልበት ቦታ አይቀመጥም፤ ቢጠራም ጉዳዩን ወደ ሕግና ወደ ሐኪም ይመራል።» ይህን መፈረም የሚከብደው ሰው ካለ በክብር ወንበሩን ይልቀቅ፤ ለሚፈርም ይስጥ።